ሦስት ጉልቻ፣ አንዱ ሲወጣ፦ በማይገባ ማስረጃ የተሰጠ ፍርድ በይግባኝ እንዴት ይሻራል?

በፊልም ላይ ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። ፖሊሱ ሰውየውን በካቴና እያሰረ «ዝም የማለት መብት አለህ፤ የምትናገረው ነገር በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል» ይለዋል። ብዙዎቻችን ይህ የአሜሪካ ነገር ይመስለናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖሊስ ይህን እንዲናገር ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የኛው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው ግን በ1954 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 27 የተያዘ ሰው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ፣ ዝም የማለት መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል ይላል። በአምስት ዓመት ቀድመናል ማለት ነው።

እሺ፣ ሕጉ አለ። ሕጉ ሳይከበር ቢቀርስ? ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በማስፈራራት የተገኘ ቃል ፍርድ ቤት ገብቶ፣ ዳኛውም ተቀብሎት፣ ሰውየው ጥፋተኛ ተብሎ ቢታሰርስ? ነገሩ አለቀ? አላለቀም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ ይግባኝ የማለት መብት አለው። ዛሬ የምናየው የይግባኝ ዳኞች «ይህ ማስረጃ መጀመሪያውኑ መግባት አልነበረበትም» ሲሉ ፍርዱ ምን እንደሚሆን ነው። መልሱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ወዲያው ይፈታል» አይደለም። «ስህተቱ ትንሽ ነው፤ ይለፍ» የሚልም አይደለም።

የሰበታው መዝገብ

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። ምሳሌው የፈጠራ ነው፤ ሕጉ ግን እውነተኛ ነው።

ሰበታ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሚሠራ የ19 ዓመት ወጣት አለ እንበል። የመጣው ከወላይታ ነው። ወላይትኛና አማርኛ ይናገራል፤ አፋን ኦሮሞ ግን ገና አለመደም። አንድ ሌሊት በሰፈሩ ያለ የሞባይል መሸጫ ሱቅ ይሰበርና ስድስት ስልኮች ይሰረቃሉ። በማግሥቱ ልጁ ይያዛል። ዐቃቤ ሕግ ሦስት ማስረጃ ያቀርባል።

አንደኛ፣ ልጁ ጣቢያ ውስጥ ፈርሞበታል የተባለ «ሰርቄያለሁ» የሚል ቃል።

ሁለተኛ፣ ከተከራየው ክፍል በማታ፣ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ በተደረገ ብርበራ የተገኘ አንድ ስልክ።

ሦስተኛ፣ «ጥቁር ጃኬት የለበሰ ወጣት ከሱቁ ሲሮጥ አይቻለሁ፤ ፊቱን ግን በደንብ አላየሁትም» የሚል አንድ ምስክር።

ፍርድ ቤቱ ሦስቱንም ይቀበልና ልጁን ጥፋተኛ ብሎ ሦስት ዓመት ይፈርድበታል።

ይህን ፍርድ በሦስት ጉልቻ ላይ እንደተጣደ ድስት አስቡት። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። አንዱን ጉልቻ ነቅላችሁ ብታወጡት ግን ጣዕሙ ቀርቶ ድስቱ ራሱ ይደፋል። የይግባኝ ዳኞች ሥራ በአጭሩ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ጉልቻ በሕግ የቆመ መሆኑን ያያሉ፤ ያልቆመውን ያወጣሉ፤ ከዚያ ድስቱ በቀረው ላይ ይቆም እንደሆነ ይፈትሻሉ።

ወሰኑን ሲሻገሩ ምን ይለወጣል?

ምሳሌውን ሰበታ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከብበው ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በየቀኑ ከአዲስ አበባ ወደነሱ፣ ከነሱም ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው። በታክሲ ስትሄዱ ወሰኑን መቼ እንዳለፋችሁት እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ።

ፍርድ ቤት ግን ወሰኑን ያውቀዋል። ስርቆቱ አዲስ አበባ ውስጥ ቢፈጸም ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የሥራ ቋንቋውም አማርኛ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ውስጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ነው፤ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። የወንጀል ሕጉና የሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተከሳሹም መብት እንዲሁ።

ለዚህ ነው ቋንቋ በእነዚህ ከተሞች የማስረጃ ጥያቄ የሚሆነው። አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ቃል ላይ ቢፈርም፣ ወይም አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚችል የሱሉልታ ገበሬ አዲስ አበባ ተይዞ በአማርኛ በተጻፈ ቃል ላይ ቢፈርም፣ የፈረመው በራሱ ቃል ላይ ነው ማለት ይቻላል? ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ በደንብ የማያውቅ ሰው ብቁ አስተርጓሚ ሊመደብለት ይገባል፤ አስተርጓሚውም የጥያቄውንና የመልሱን ትክክለኛነት ማረጋገጥ አለበት ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ያዛል።

አንደኛው ጉልቻ፦ ጣቢያ የተሰጠ ቃል

ወደ ልጃችን እንመለስ። በይግባኙ እንዲህ ይላል፦ «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ከለከሉኝ። ካልፈረምክ ወንድምህንም እናስረዋለን አሉኝ። ከፈረምክ ጠዋት ትወጣለህ አሉኝ። የፈረምኩበት ወረቀት ምን እንደሚል አላውቅም፤ አስተርጓሚም አልነበረም።»

ይህ እውነት ከሆነ ስንት ነገር ተጥሷል? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 31 ፖሊስ የሚጠይቀውን ሰው በማባበያ፣ በማስፈራሪያ፣ በተስፋ ወይም በሌላ ተገቢ ባልሆነ መንገድ እንዳያናግር ይከለክላል። ልብ በሉ፤ የተከለከለው ዱላ ብቻ አይደለም። «ፈርምና ጠዋት ትወጣለህ» የሚለው ለስላሳ ቃልም ተከልክሏል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ደግሞ ቃል ለማውጣት ብሎ ሰውን የሚያስፈራራ ወይም የሚያሰቃይ የመንግሥት ሠራተኛን ራሱን ወንጀለኛ ያደርገዋል፤ ነገሩ ከባድ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ከሁሉም በላይ ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 አለ። የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። ይህ ድንጋጌ «ዳኛው ይመዝነው» አይልም፤ «አይግባ» ነው የሚለው። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የፀረ ማሰቃየት ስምምነትም እንዲሁ ነው የሚለው።

የእምነት ቃል ዳኛ ፊት የሚሰጥበት ሌላ መንገድም አለ፤ አንቀጽ 35 ይባላል። ዳኛው ቃሉን ከመመዝገቡ በፊት ሰውየውን ጠይቆ በራሱ ፈቃድ የሚናገር መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ቃሉ በሙሉ ይጻፋል፤ ይነበብለታል፤ ይፈርምበታል። ይህ ከጣቢያው የተሻለ ጥበቃ ነው። ሆኖም አስቡት፤ ሰውየው ማታ ተመልሶ የሚያድረው እዚያው የፈራው ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ዳኛ ፊት በድፍረት ሊናገር ይችላል? «በፈቃድህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ የማይበቃባቸው ጊዜያት አሉ።

«ካልሠራ ለምን ያምናል?»

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ግን እኮ፣ ማንም ሰው ያልሠራውን ሠራሁ አይልም» ትሉ ይሆናል። ሳይንስ በዚህ አይስማማም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሳውል ካሲን እና ካትሪን ኪቸል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙከራ አሳተሙ። የኮሌጅ ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ የሚነበብላቸውን ፊደል እየሰሙ ይተይባሉ። «አልት የሚለውን ቁልፍ እንዳትነኩ፤ ከነካችሁት ኮምፒውተሩ ይበላሻል» ተብለዋል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ኮምፒውተሩ ሆን ተብሎ እንዲቆም ይደረጋል። ተመራማሪውም «ነክተኸዋል አይደል?» ብሎ ይቆጣል። ማንም አልነካውም። ሆኖም «ነክቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ሲጠየቁ 69 በመቶው ፈረሙ። 28 በመቶው ደግሞ እውነትም እንደነኩት አመኑ። በፍጥነት እንዲተይቡ ከተደረጉትና አጠገባቸው ያለ ሰው «ሲነካ አይቻለሁ» ብሎ በሐሰት ከመሰከረባቸው መካከል ግን ያልፈረመ አልነበረም፤ ሁሉም ፈርመዋል።

እዚያ ላይ ዱላ የለም፣ እስር ቤት የለም፣ ረሃብ የለም። ሙከራው ስለ ኮምፒውተር ቁልፍ ነው እንጂ ስለ ወንጀል አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መውሰድ አይቻልም። የሚያሳየው ነገር ግን ቀላል አይደለም። ግራ የተጋባ ሰው ላይ ትንሽ ግፊትና አንድ የሐሰት ማስረጃ ሲጨመርበት ያላደረገውን ሊቀበል ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በዘረመል ምርመራ ንፁህነታቸው ከተረጋገጠላቸው እስረኞች መካከልም ሩብ ያህሉ ላይ በሐሰት የተሰጠ የእምነት ቃል ነበረባቸው።

ሁለተኛው ጉልቻ፦ በማታ የተገኘው ስልክ

አሁን ወደ ብርበራው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ቤት ለመበርበር በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል። ያለ ማዘዣ መበርበር የሚቻልባቸው የተወሰኑ ሁኔታዎች ቢኖሩም መርሁን አይሽሩትም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። የልጁ ክፍል የተበረበረው በማታና ያለ ማዘዣ ነው። ታዲያ ስልኩም እንደ እምነት ቃሉ በቀጥታ ይወጣል?

እዚህ ላይ መልሱ እንደዚያ ግልጽ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማፕ በተባለች የክሊቭላንድ ነዋሪ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1961 በተሰጠ ፍርድ በሕገወጥ ብርበራ የተገኘ ዕቃ በሁሉም ግዛቶች ፍርድ ቤት እንዳይገባ ተደርጓል። የኛ ሕገ መንግሥት ግን በግልጽ «አይግባ» ያለው በማስገደድ የተገኘውን ማስረጃ ነው። አንቀጽ 26 የቤትን የግል ሕይወት ቢያስከብርም ጥሰቱ ማስረጃውን ያስወጣዋል ብሎ በቀጥታ አልጻፈም። ሁሉንም የማስረጃ ጥያቄ በአንድ ላይ የሚመልስ የተሟላ የማስረጃ ሕግም እስካሁን የለንም፤ ደንቦቹ በየሕጉ ተበታትነው ነው ያሉት። ስለዚህ ብዙው በዳኞች ምዘና ላይ ይወድቃል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስልክ በማታ ተገኘም በቀን ተገኘ ያው ስልክ ነው፤ ቁጥሩ አይቀየርም። በዱላ የወጣ ቃል ግን ራሱ ቃሉ ይቀየራል፤ የሚናገረው ስለ ወንጀሉ ሳይሆን ስለ ሕመሙ ነው። ይህ ማለት ግን ሕገወጥ ብርበራ ምንም አይደለም ማለት አይደለም። ማዘዣ ከሌለና ብርበራውን ያየ ገለልተኛ ሰው ከሌለ፣ ጠበቃው «ስልኩ በእርግጥ ከዚያ ክፍል ለመገኘቱ ምን ማረጋገጫ አለን?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ጥያቄው ስለ ስልኩ መሆኑ ቀርቶ አገኘሁት ስላለው ሰው ተዓማኒነት ይሆናል።

ጉልቻው ወጣ፤ ድስቱስ?

አሁን ወሳኙ ጥያቄ መጣ። የይግባኝ ዳኞች የእምነት ቃሉን አወጡት እንበል። ስልኩም አጠራጣሪ ነው አሉ። የቀረው ፊት ያላየው ምስክር ብቻ ነው። ጥቁር ጃኬት የለበሰ ወጣት ሰበታ ውስጥ ስንት አለ? የማስረዳት ሸክም ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተከሳሽም በሕገ መንግሥቱ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንፁህ ነው። በዚህ ማስረጃ ብቻ ጥፋተኛ ማለት አይቻልም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 195 መሠረት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱንም ቅጣቱንም ሽሮ ልጁን በነፃ ማሰናበት ይችላል።

አሁን ታሪኩን ትንሽ እንቀይረው። የእምነት ቃሉ ያው በማስፈራራት የተገኘ ነው። ነገር ግን የሱቁ ካሜራ የልጁን ፊት በግልጽ ቀርጿል። ሦስት ሰዎች ከእርሱ ስልክ ገዝተዋል፤ የስልኮቹ መለያ ቁጥርም በባለሱቁ ካርቶኖች ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። የእምነት ቃሉ አሁንም ይወጣል፤ ያገኘው ፖሊስም ሊጠየቅ ይገባል። ፍርዱ ግን በሌሎቹ ጉልቻዎች ላይ ቆሞ ይቀራል። ዳኞቹ «ስህተት ተሠርቷል፤ ነገር ግን ውጤቱን አይለውጥም» ብለው ሊያጸኑት ይችላሉ።

ልዩነቱ ገባችሁ? በሁለቱም ታሪክ ስህተቱ አንድ ነው። የሚለያየው ከስህተቱ ውጭ የቀረው ነገር ነው። ለዚህ ነው «በማይገባ ማስረጃ ተፈረደብኝ» ማለት ብቻውን የማይበቃው። ጥሩ ይግባኝ ሁለት ነገር ያሳያል፦ ማስረጃው መግባት እንዳልነበረበት፣ እና ያለ እርሱ ፍርዱ እንደማይቆም።

ከሁለቱ ሰፈር የመጡ ሁለት ታሪኮች

ይህ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት የአሜሪካ መዝገቦችን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1934 በሚሲሲፒ አንድ ነጭ ባለ እርሻ ተገደለ። ሦስት ጥቁር ገበሬዎች ተይዘው በአለንጋ ተገረፉ፤ አንደኛው በገመድ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። «ገድለናል» አሉ። ግድያው ከተፈጸመ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ሞት ተፈረደባቸው። ከእምነት ቃሉ ሌላ የረባ ማስረጃ አልነበረም። የገመዱ ምልክት በአንደኛው አንገት ላይ ችሎት ውስጥ ይታይ ነበር፤ ገራፊዎቹም አልካዱም። ሆኖም የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። ከምክንያቶቹ አንዱ ጠበቆቹ «ቃሉ ይውጣ» የሚለውን ጥያቄ በተገቢው ጊዜ አላቀረቡም የሚል ነበር። በየካቲት 1936 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብራውን ከሚሲሲፒ ግዛት ጋር በተባለው ጉዳይ በአንድ ድምፅ ሻረው። አንዱ ጉልቻ ሲወጣ ሌላ አልነበረም።

ሁለተኛው በመግቢያችን የጠቀስነው የ1966ቱ ፍርድ ነው። ኤርኔስቶ ሚራንዳ በፊኒክስ ከተማ ተይዞ፣ መብቱ ሳይነገረው ለሁለት ሰዓት ተጠይቆ አመነ፤ ተፈረደበትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ከዚያስ? ሚራንዳ ነፃ ወጥቶ ቤቱ ሄደ? አልሄደም። ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ የእምነት ቃሉ ሳይቀርብ በሌላ ማስረጃ፣ በተለይም አብራው ትኖር በነበረች ሴት ምስክርነት፣ እንደገና ጥፋተኛ ተባለ። ዓለም የሚያውቀው «የሚራንዳ መብት» የተሰየመበት ሰው ራሱ በሁለተኛው ዙር ታስሯል።

«ማስረጃ ማስወጣት ወንጀለኛ ማስመለጥ ነው» ለሚል ሰው የሚራንዳ ታሪክ ጥሩ መልስ ነው። ፖሊስ ቃል ከማውጣት ይልቅ ማስረጃ ከፈለገ ወንጀለኛው አያመልጥም። የስድስት ስልኩን ባለቤትም አስቡት። ያልሰረቀ ልጅ ፈርሞ ሲታሰር ባለሱቁ ስልኩን አያገኝም፤ እውነተኛው ሌባም እዚያው ሰፈር ይዞራል።

እዚህ አገርስ?

የእኛም አገር የክርክር ታሪክ አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ስለ ማስረጃ ልዩ አንቀጽ ነበረው። በአንቀጽ 23 መሠረት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት፣ ከሌላ ሰው የተሰማ ወሬና የተጠርጣሪ የእምነት ቃል በማስረጃነት እንዲቀርቡ ይፈቅድ ነበር። በጊዜው የሕግ ምሁራን አጥብቀው ተችተውታል። ምንጩ ያልታወቀን ሪፖርት ተከሳሽ በምን ይሞግተዋል? አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል።

በዚያ አዋጅ ከተከሰሱት መካከል ዞን 9 በሚል ስም ይጽፉ የነበሩ ወጣቶች ይገኙበታል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተይዘው ማዕከላዊ በተባለው የምርመራ ማዕከል ቆዩ፤ ከመካከላቸውም ተደብድበን ቃል ሰጠን ብለው ለፍርድ ቤት አቤቱታ ያቀረቡ ነበሩ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት የቀሩትን ተከሳሾች ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። በፍቃዱ ኃይሉ ግን አመፅ በማነሳሳት እንዲከላከል ተበየነ፤ ለዚህም በምርመራ ወቅት የሰጠው ቃል ተጠቅሶበታል። አንድ የጣቢያ ቃል፣ ሌላው ሁሉ ክስ ከወደቀ በኋላም ብቻውን ሰውን ችሎት ሊያመላልስ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል።

ይግባኙ የሚጀምረው ጣቢያው ውስጥ ነው

አሁን ለእናንተ በጣም ወደሚጠቅማችሁ ክፍል ደረስን። ይግባኝ ሰሚ ዳኞች ሌሊቱን አላዩም። በመርህ ደረጃ ምስክሮችን እንደገና አይሰሙም። የሚያዩት መዝገቡን ነው። በመዝገቡ ላይ ያልተጻፈ ነገር ለእነርሱ ያልተደረገ ያህል ነው። ስለዚህ ጊዜውና ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ ጊዜ አይቆጠርም። ያ የመጀመሪያው ቀን ነው። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ከነበረ ለዳኛው የሚነገረው ያኔ ነው። ሕክምና እንዲታይና ምርመራው እንዲመዘገብ የሚጠየቀውም ያኔ ነው። ቁስል ይድናል፤ የሐኪም ወረቀት ግን መዝገብ ውስጥ ይቀራል።

ክርክሩ ሲጀመር ማስረጃው በሚቀርብበት ሰዓት መቃወሚያ ይቀርባል። በአንቀጽ 146 መሠረት ዳኛው በመቃወሚያው ላይ ወዲያው መወሰን አለበት፤ ውሳኔውና ምክንያቱም ይመዘገባል። ዳኛው «ተቀብያለሁ» ቢልስ? እዚያው ላይ ክርክሩን አቁሞ ይግባኝ ማለት አይቻልም። አንቀጽ 184 ይህን ይከለክላል፤ ነገር ግን በሩን አይዘጋም። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛ ከተባለ ያ ውሳኔ የይግባኝ ምክንያት መሆን ይችላል ይላል። መቃወሚያው ዛሬ ባይሠራ እንኳ ለነገ የተቀመጠ ስንቅ ነው።

አንድ ትልቅ ወጥመድም አለ። ጣቢያ የተሰጠ ቃል አንድ ነገር ነው፤ ችሎት ፊት ቀርቦ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት ሌላ። አንድ ሰው ችሎት ውስጥ በሰጠው የእምነት ቃል ጥፋተኛ ከተባለ፣ በአንቀጽ 185 መሠረት ይግባኝ ማለት የሚችለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው። «ቶሎ እንድትወጣ እመን» ብለው የሚመክሩ ዘመዶችና ጓደኞች ይህን ላያውቁ ይችላሉ።

ከፍርዱ በኋላ ደግሞ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ይግባኝ መጠየቁ በ15 ቀን ውስጥ ይገለጻል፤ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። ኦሮሚያ ውስጥ ከወረዳ ፍርድ ቤት ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያወጣ መሰላል አለ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። ሰበር የሚያየው «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» መኖሩን ብቻ ነው። በማስገደድ የተገኘን ቃል መቀበል ደግሞ የሕግ ጥያቄ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ስለከለከለው።

የሰበታው ልጃችን ወደ ይግባኝ ሲሄድ በእጁ ምን ሊኖር ይችላል? በመጀመሪያው ቀን ለዳኛው «አስፈራርተውኛል» ማለቱ የተጻፈበት ገጽ። «አስተርጓሚ አልነበረኝም» ያለበት መስመር። ጠበቃው «ይህን ቃል እቃወማለሁ» ያለበት ቀን። እነዚህ ሦስት አጫጭር ጽሑፎች ካሉ ዳኞቹ የሚሠሩበት ነገር አላቸው። ከሌሉ ግን፣ ከወራት በኋላ ሌላ ከተማ ውስጥ ተቀምጠው የሚያነቡት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፦ «ሰርቄያለሁ» የሚለውና ከሥሩ ፊርማ ያለበት።